1974 «ሲልቨራዶ» የለም፦ የድሮ የአሜሪካ ፒክአፖች ስም አነባበብ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ዴንቨር ነው። አንድ የድሮ ፒክአፕ ገዝቼ ቀስ እያልኩ ላድሰው አስቤ ሁለት መኪና አግኝቻለሁ። የአንደኛው ማስታወቂያ ‹1974 ሼቭሮሌት ሲልቨራዶ› ይላል፤ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ግን ሲ10 ነው የሚለው። ሁለተኛው ‹1976 ፎርድ ኤፍ-150 ሬንጀር› ነው፤ እኔ ደግሞ ሬንጀር የማውቀው ትንሿን ፎርድ ነው። ጓደኛዬ ‹ጂኤምሲ 1500 ብታገኝ ይሻልሃል፣ ከሲ10 ይበልጣል› አለኝ። ግማሽ ቶን ሲባልስ አምስት ኩንታል ይጭናል ማለት ነው? ስሞቹ ተምታቱብኝ።»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ የተምታታብህ አንተ ብቻ አይደለህም። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ እነዚህን መኪኖች ስፈታና ስገጥም ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ዛሬም ሻጭ ደውሎ የመኪናውን ስም ሲነግረኝ «ስሙን ተወው፣ የሻንሲ ቁጥሩን ላክልኝ» ነው የምለው። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ሲልቨራዶውን እናስቀድም። ሼቭሮሌት 1974 ሲልቨራዶ የሚባል መኪና አልሠራም። ሲልቨራዶ የሚለው ጽሑፍ ፒክአፕ ላይ የመጣው ከ1975 ሞዴል ጀምሮ ነው፤ ያኔም ቢሆን የመኪናው ስም አልነበረም። አዲስ አበባ መኪና ሻጭ «ፉል ኦፕሽን ነው» እንደሚልህ ያለ ነገር ነበር። የመኪናው ስም ሲ10 ነው። ያው ሲ10 ባዶውን ሲሸጥ ከስተም ዴሉክስ፣ ትንሽ ሲጨመርበት ስኮትስዴል፣ ከዚያ ሻየን፣ ሁሉ ነገር ሲሟላለት ሲልቨራዶ ይባላል። ልዩነቱ የወንበሩ ጨርቅ፣ የወለሉ ምንጣፍ፣ የበሩ የውስጥ ሽፋንና በጎኑ የሚሄደው የሚያብለጨልጭ ጌጥ ነው። ሻንሲው፣ ካቢናውና ካሶኒው አንድ ነው።

በ1974 ደግሞ ደረጃዎቹ ከስተም፣ ከስተም ዴሉክስ፣ ሻየንና ሻየን ሱፐር ነበሩ፤ ሲልቨራዶ ገና አልተወለደም። እና ያንተ ሰውዬ ወይ ዓመቱን ተሳስቷል፣ ወይ ከሌላ መኪና የተነቀለ አርማ ለጥፏል፣ ወይ ደግሞ እንዲሁ በልማድ ነው የጠራው። በልማድ ከሆነ አልፈርድበትም። ሲልቨራዶ ከ1999 ሞዴል ወዲህ ራሱን የቻለ የመኪና ስም ስለሆነ፣ የዛሬ ሰው ማንኛውንም የሼቭሮሌት ፒክአፕ ሲያይ አፉ ላይ የሚመጣለት ይኸው ነው። አርማ መለጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው። አዲስ የተሠራ የሲልቨራዶ አርማ በርካሽ ይገኛል፤ ሁለት ቀዳዳ በስቶ የሚለጥፈው ብዙ ነው፤ ዋጋውም በዚያች ጽሑፍ ከፍ ይላል።

ታይትሉ ላይ ሲልቨራዶ የሚል አለመኖሩ ትክክል ነው፤ ያን አትጠርጥር። ታይትል የሚጽፈው የመኪናውን ክፍል ነው እንጂ ኦፕሽኑን አይደለም።

አሁን ሲ10 ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። ቁጥሩ የጭነት ክፍሉን፣ ፊደሉ ደግሞ በስንት ጎማ እንደሚነዳ ይናገራል። ሼቭሮሌት ይህን አጠራር የጀመረው በ1960 ነው። ሲ በሁለት ጎማ የሚነዳው፣ ኬ ፎር ዊሉ ነው። 10 ግማሽ ቶን፣ 20 ሦስት አራተኛ ቶን፣ 30 አንድ ቶን። ስለዚህ ኬ20 ካየህ ፎር ዊል የሆነ ባለ ሦስት አራተኛ ቶን ነው። ሲ «ኮንቬንሽናል» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ሞተሩ ከካቢናው ፊት ኮፋኖ ሥር ያለ ማለት ነው።

«ግማሽ ቶን» ያልከው፦ የአሜሪካ ቶን 2,000 ፓውንድ ነው፤ 907 ኪሎ ገደማ። ግማሹ 454 ኪሎ ይመጣል፤ አራት ኩንታል ተኩል እንጂ አምስት አይሞላም። ይህም ጥንት ስሙ ሲወጣ የነበረው ስሌት ነው። መኪኖቹ እየጠነከሩ ሲሄዱ የሚጭኑት ከስሙ አለፈ፣ ስሙ ግን ባለበት ቀረ። ዛሬ «ግማሽ ቶን» የክፍል መጠሪያ ብቻ ነው። ስንት እንደሚጭን ማወቅ ከፈለግህ የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት የተጻፈበትን ሰሌዳ አንብብና የመኪናውን የራሱን ክብደት ቀንስለት፤ ከስሙ ቁጥር ተነስተህ ግን አትገምት።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ሰው ቁጥሮቹን እንደ ሚዛን ስለሚያነባቸው ነው። ጓደኛህም የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጂኤምሲ 1500 እና ሼቭሮሌት ሲ10 ያው ግማሽ ቶን ናቸው፤ የአንድ እናት ድርጅት ልጆች፣ አንድ ሻንሲ፣ አንድ ካቢና፤ የፊት ግሪሉና አርማው ይለያል። ሼቭሮሌት 10፣ 20፣ 30 ሲል ጂኤምሲ ከ1967 ጀምሮ 1500፣ 2500፣ 3500 ይል ነበር። 1500 ከ10 ስለሚበልጥ መኪናው አይበልጥም። ኋላ በ1988 አዲሱ መኪና ሲወጣ ሼቭሮሌትም 10ን ትቶ 1500 ማለት ጀመረ። ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ላይ 1500 የሚል ካየህ ጂኤምሲ ነው። የጂኤምሲ የኦፕሽን ስሞች ደግሞ ለብቻቸው ራስ ያዞራሉ፦ ከ1975 ወዲህ ሲየራ፣ ሲየራ ግራንዴ፣ ሃይ ሲየራ፣ ሲየራ ክላሲክ፤ ባዶው መኪናም ሲየራ ነው፣ ሙሉውም ሲየራ ነው።

ፎርድ ዘንድ ታሪኩ ከ1948 ይጀምራል። የዚያን ዓመት ኤፍ የሚባለው ቤተሰብ ሲወጣ ከኤፍ-1 እስከ ኤፍ-8 ተደረደረ፤ ኤፍ-1 ግማሽ ቶኑ ነው፣ ቁጥሩ ሲያድግ ጭነቱም ያድጋል። ግልጽ ነበር። በ1953 መኪናው በአዲስ መልክ ሲሠራ ቁጥሮቹም ተለወጡ፦ ኤፍ-1 ኤፍ-100 ሆነ፣ ኤፍ-2 እና ኤፍ-3 ተጠቃለው ኤፍ-250፣ ኤፍ-4 ደግሞ ኤፍ-350። 250 የምን ልክ ነው ብለህ አትድከም፤ ደረጃ ነው፣ እንደ ቀበሌ ቁጥር።

ያንተ ኤፍ-150 ግን ሌላ ምክንያት አለው፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ታሪክ ይሄ ነው። በ1975 የጭስ ሕጉ ሲጠብቅ፣ ጠቅላላ ክብደታቸው እስከ 6,000 ፓውንድ (27 ኩንታል ገደማ) የሆኑ መኪኖች ካታሊቲክ ኮንቨርተር (የጭስ ማጣሪያ) እንዲገጠምላቸውና እርሳስ የሌለው ቤንዚን እንዲጠቀሙ ግድ ሆነ። ገበሬውና የግንባታ ሰው ደግሞ የለመደውን ርካሹን ቤንዚን መተው አልፈለገም። ፎርድ ምን አደረገ? ግማሽ ቶኑን ትንሽ አጠናክሮ ከ6,000 በላይ አስመዘገበውና 150 ብሎ በ100 እና በ250 መካከል ሸጎጠው። ሼቭሮሌትም በዚያው ሰሞን ‹ቢግ 10› አለ፤ ዶጅ በ1977 ዲ150 አመጣ። እንዲህ ያለውን መኪና አሜሪካኖቹ «ከባድ ግማሽ» ይሉታል። በ1979 ሕጉ እስከ 8,500 ፓውንድ ከፍ ሲል ማምለጫው ተዘጋ፤ ስሙ ግን ወጥቶለት ነበርና ቀረ። ኤፍ-100 በ1983 ቆመ፣ ኤፍ-150 ዛሬም በየመንገዱ አለ። ከሕግ ለማምለጥ የተፈጠረ ቁጥር ነው የአሜሪካ ዝነኛው ፒክአፕ መጠሪያ የሆነው።

ስለዚህ 1976 ኤፍ-150 የሚለው ማስታወቂያ ዓመቱም ቁጥሩም ይገጥማል። ሬንጀርም ይገጥማል። በዚያን ጊዜ ሬንጀር ልክ እንደ ሲልቨራዶ የኦፕሽን ደረጃ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኤፍ-100 ላይ ተጀመረ፣ በ1970 ሬንጀር ኤክስኤልቲ ከላዩ ተጨመረ፣ በ1978 ደግሞ ላሪያት መጣ፤ ላሪያት ከብት የሚያጠምዱበት ገመድ ነው። አንተ የምታውቃት ትንሿ ሬንጀር የመጣችው ለ1983 ሞዴል ነው፤ እሷ ስሙን ስትወስድ ትልቁ መኪና ላይ የነበረው ተነሳ። ኤክስፕሎረርም እንዲሁ ነው። በ1970ዎቹ የኤፍ ፒክአፕ የጌጥ ጥቅል ነበር፣ በ1991 ሞዴል የቤተሰብ መኪናው ስም ሆነ። ፋብሪካዎቹ የከረመ ስም አይጥሉም፤ እንደ ታላቅ ወንድም ልብስ ለታናሹ ያወርሱታል። ሼቭሮሌት ሲልቨራዶን፣ ጂኤምሲ ሲየራን ከኦፕሽንነት ወደ መኪናነት ያሳደጉት በዚሁ መንገድ ነው።

ዶጅ ላይ ብዙ አልቆይም፣ አንተም አልጠየቅህም። ዲ100፣ ዲ200፣ ዲ300 በሁለት ጎማ የሚነዱት፣ ደብልዩ 100፣ ደብልዩ 200 ፎር ዊሎቹ ናቸው። ራም (አውራ በግ ማለት ነው) የሚለው ስም ፒክአፑ ላይ የመጣው በ1981 ነው፤ የበጉ ምስል ግን ከ1932 ጀምሮ የዶጅ መኪኖች ኮፋኖ ላይ ነበር። ‹ፓወር ዋገን› የሚል ካየህ ጠንቀቅ በል። የመጀመሪያው የ1946ቱ ነው፤ ከጦርነቱ የወታደር መኪና የወረደ ጠንካራ ፎር ዊል። ከ1957 ወዲህ ግን ያው ስም ተራዎቹ ፎር ዊል ፒክአፖች ላይም ተለጠፈ። በስም አንድ ናቸው፣ በዋጋ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ኢንተርናሽናል የሚባለው ፋብሪካ የመኪኖቹን ስም ደግሞ ያወጣው የፊደል ገበታ የጠፋበት ሰው ሳይሆን አይቀርም፦ በ1950 ኤል፣ በ1953 አር፣ ከዚያ ኤስ፣ በ1957 ኤ፣ ቀጥሎ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። ኤ መሆኑ ግን በዋዛ አይደለም፤ ድርጅቱ የጭነት መኪና መሥራት የጀመረበት ሃምሳኛ ዓመት ነበርና «አኒቨርሰሪ» ለማለት ነው።

ወደ ፊደሉ ልመለስ፣ ምክንያቱም አንድ ቀን ያጋጥምሃል። አንድ ደንበኛ 1987 ሼቭሮሌት ይዞልኝ መጣ፤ ታይትሉ «ቪ10» ይላል። መለዋወጫ መሸጫ ደወልኩ። ልጁ «ሞተሩ ስንት ሊትር ነው?» አለኝ። ባለ አሥር ሲሊንደር መስሎታል! ነገሩ እንዲህ ነው። አዲሱ ሼቭሮሌት ለ1988 ሞዴል ሲዘጋጅ ሲ እና ኬ የሚሉትን ፊደሎች ይዞ ሊወጣ ሆነ፤ አሮጌው ግን ገና በገበያ ላይ ነበር። ሁለት መኪና በአንድ ስም እንዳይጠራ በ1987 አሮጌው ፊደሉን ተቀማና ሲ የነበረው አር፣ ኬ የነበረው ቪ ተባለ። ትልልቆቹ ባለ አራት በር ፒክአፖች፣ ሰበርባንና ብሌዘር የሚባሉት ዝግ መኪኖች እስከ 1991 በዚያው ፊደል ቆዩ። ያን ቀን የፈለግሁት የፍሬን ዕቃ ስለነበር «በቃ ለ1986 ኬ10 ስጠኝ» ብዬ ተገላገልኩ። የነዳጅ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም ነበር፤ በ1987 ካርቡራተሩ ወጥቶ ኢንጀክሽን ገብቷል። ስሙ የተለወጠው ለስም ብቻ ቢመስልም ዓመቱን ልብ ማለት ይገባል።

የድሮዎቹን ከወደድህ ደግሞ ከ1960 በፊት ያሉት ሌላ ዓለም ናቸው። የ1947ቱ ክብ ሼቭሮሌት ግማሽ ቶኑ 3100፣ ሦስት አራተኛው 3600፣ አንድ ቶኑ 3800 ነው። በ1958 ከቁጥሩ ላይ አፓቺ የሚል ስም ተጨመረ፤ ቀላሎቹ አፓቺ፣ መካከለኞቹ ቫይኪንግ፣ ከባዶቹ ስፓርታን። አፓቺ እስከ 1961 ስለቆየ የ1960 መኪና አፓቺም ነው፣ ሲ10ም ነው፤ ሁለቱም ትክክል ነው። 1955 የሚል ሻጭ ካገኘህ «የመጀመሪያው ነው ሁለተኛው?» በለው። በዚያ ዓመት መጋቢት አካባቢ መኪናው ከላይ እስከ ታች ተለውጦ ስለወጣ በአንድ ሞዴል ዓመት ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሼቭሮሌቶች አሉ። በነገራችን ላይ የአሜሪካ የሞዴል ዓመት ልክ እንደኛ አዲስ ዓመት ወደ መስከረም ገደማ ነው የሚለወጠው፤ ስለዚህ በ1974 ኅዳር የተሸጠ መኪና 1975 ሞዴል ሊሆን ይችላል። ይህን ያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ማስታወቂያ ላይ «ስኩዌርቦዲ» የሚል ካየህ ከ1973 እስከ 1987 ያለው ሼቭሮሌትና ጂኤምሲ ነው። ይህ ሰው ያወጣለት ቅጽል ነው፤ እኛ ሚኒባሱን ዶልፊን እና አባዱላ እንዳልነው ማለት ነው። የሚያስቀው ፋብሪካው ራሱ ያወጣለት ስም «ክብ መስመር» የሚል ነበር፤ ሕዝቡ ግን አራት ማዕዘን ሆኖ ታየውና እንዲያ አለው። ፎርድ ላይም ከ1967 እስከ 1972 ያለው በጎኑ ያለው መስመር ወደ ውጭ ያበጠ ስለሆነ «በምፕሳይድ»፣ ከ1973 እስከ 1979 ያለው ወደ ውስጥ ስለገባ «ዴንትሳይድ» ይባላል፤ ያንተ 1976 ዴንትሳይድ ነው። እነዚህን ቅጽሎች እኔ ከፋብሪካው ስም የበለጠ አምናቸዋለሁ፣ ምክንያቱም የሚናገሩት ዓይንህ የሚያየውን ነው፤ ለቆርቆሮ ሥራ ዕቃ ስትፈልግ የሚጠቅምህም እሱ ነው።

የካሶኒው ስምም አለ። ጎኑ ለጥ ያለው፣ ጎማው ውስጥ የተሸሸገው ሼቭሮሌት ዘንድ ፍሊትሳይድ፣ ፎርድ ዘንድ ስታይልሳይድ፣ ዶጅ ዘንድ ስዌፕትላይን፣ ጂኤምሲ ዘንድ ዋይድሳይድ ነው። ፓራፋንጎው ወደ ውጭ የወጣው ጠባቡ ደግሞ በቅደም ተከተል ስቴፕሳይድ፣ ፍሌርሳይድ፣ ዩቲላይን፣ ፌንደርሳይድ። ሁለት ቅርጽ፣ ስምንት ስም። የፎርድ ካሶኒ ስታዝዝ «ስቴፕሳይድ» ብትል ሻጩ ይረዳሃል፣ ትንሽ ግን ይታዘብሃል።

እንግዲህ ወደ ሻንሲ ቁጥሩ። ከ1973 እስከ 1980 ያሉት ሼቭሮሌቶች ቁጥር አሥራ ሦስት ነው፤ አሥራ ሰባት የሆነው ከ1981 ጀምሮ ነው። የመጀመሪያው ፊደል ሲ ከሆነ ሼቭሮሌት፣ ቲ ከሆነ ጂኤምሲ። ሁለተኛው ሲ ወይም ኬ፤ በሁለት ጎማ ወይም ፎር ዊል። ሦስተኛው ሞተሩን ይናገራል። አራተኛው የጭነት ክፍሉ ነው፤ 1 ግማሽ ቶን፣ 2 ሦስት አራተኛ፣ 3 አንድ ቶን። አምስተኛው ፒክአፕ ከሆነ 4 ነው። ስድስተኛው የሞዴል ዓመቱ የመጨረሻ አሃዝ ነው። ሰባተኛው ፋብሪካው፣ የቀረው ተራ ቁጥር።

የፎርዱን ለማየት የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ይበቁሃል። ኤፍ15 ከሆነ በሁለት ጎማ የሚነዳ ኤፍ-150 ነው፤ ኤፍ14 ከሆነ ፎር ዊሉ። ኤፍ10 ወይም ኤፍ11 ካገኘህ ግን መኪናው ኤፍ-100 ነው፣ አንዱ በኋላ 150 የሚል አርማ ለጥፎበታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ብዙ አይቻለሁ፤ ሰው 150 የሚለውን ስለለመደ ለመሸጥ ይቀላል። ሬንጀር መሆኑን ቁጥሩ አይነግርህም፤ የወንበሩን፣ የበሩን ውስጥና የጎኑን ጌጥ አብሮ ማየት ነው። አርማው ብቻ ሬንጀር ሆኖ በሩ ውስጥ ባዶ ቆርቆሮ ከሆነ አንተው ፍረድ።

ለሼቭሮሌቱ ተጨማሪ ማስረጃ አለ። ከተሳፋሪው ፊት ያለችውን ትንሽ መሳቢያ ክፈትና የክዳኗን ውስጥ ተመልከት፤ ፋብሪካው መኪናው ምን ምን ተጨምሮለት እንደወጣ የሚዘረዝር ወረቀት ይለጥፍበት ነበር። ብዙ ጊዜ ተልጦ ወይም ደብዝዞ ነው የሚገኘው። ካለ ግን ከማንኛውም አርማ ይልቅ እሱን እመን፤ ፎቶም አንሳው፣ ከመኪናው ጋር የሚሸጥ ሀብት ነው።

አሁን የሼቭሮሌቱን ሻጭ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሾፌሩ በኩል ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን የቁጥር ሰሌዳ በመስታወቱ አሻግሮ ፎቶ ያንሳልህ። ስድስተኛው 5 ከሆነ መኪናው 1975 ነው፤ በ1974 መጨረሻ ተሸጦ ዓመቱ በዚያው ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል፣ ሲልቨራዶነቱም እውነት ሊሆን ይችላል። 4 ከሆነ ሲልቨራዶ አይደለም፣ አርማ ካለውም የተለጠፈ ነው፤ ውስጡ ሙሉ ከሆነ ሻየን ሱፐር ይሆናል፣ እሱም መጥፎ መኪና አይደለም፤ የሲልቨራዶ ዋጋ ግን አትክፈልበት። ያገኘኸውን አሃዝ ጻፍልኝ፣ ሦስተኛዋንም ፊደል አብረህ ላክ፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ምን ዓይነት ሞተር እንደነበረው ከእሷ እነግርሃለሁ።